ለከርሞ ቶሎ ተመለስ

ባልዴቭ ሲንግ የሚባል ሹም ከሩቅ አገር ተሹሞ ወደ አንድ የህንድ አውራጃ መጣ። ራሱን ከአማልክት እኩል የሚያይ ሰው ነበር። የዝሆን ራስ ያለው፣ እንቅፋት ያስወግዳል ተብሎ የሚመለከው አምላክ የጋኔሽ በዓል ሲቃረብ፣ ምስሉን ከጭቃ የምትሠራውን ሸክላ ሠሪ አስጠራት።

«ዘንድሮ ከጋኔሽ ጎን የእኔን ምስል ታቆሚያለሽ» አላት። «ለእሱ የሚደረገው ሁሉ ለእኔም ይደረጋል። እምቢ ካልሽ እጅሽን አስቆርጠዋለሁ!»

ሸክላ ሠሪዋ ቦርጩን አየት አድርጋ ስንት ቅርጫት ጭቃ እንደሚፈጅ በልቧ ገመተች።

«ምንም ሳይጎድል፣ ጌታዬ?»

«ምንም ሳይጎድል!»

«እሺ፤ አበባ እናለብስዎታለን፣ ጣፋጭ እናቀርብልዎታለን። በበዓሉ በአሥረኛው ቀን ደግሞ እንደ ልማዳችን በከበሮ አጅበን ወንዝ ውስጥ እናሰጥምዎታለን።»

ሹሙ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «አምላካችሁን ታሰጥማላችሁ? ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት አምልኮ ነው?»

«ጭቃ የቱንም ያህል ቢከብር ጭቃ መሆኑን እንዳንረሳ ነው፣ ጌታዬ። አምላኩማ አይሰጥምም፤ እኛው ልብ ውስጥ ይቀራል። እኔን የቸገረኝ ሌላ ነው።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ጋኔሽ ሲሰጥም ሕዝቡ ‹ለከርሞ ቶሎ ተመለስልን!› እያለ ይጮኻል። ምንም እንዳይጎድል ብለዋልና፣ ለእርስዎ እንዲህ ብሎ የሚጮኽ አንድ ሰው ከአሁኑ ይፈልጉልኝ።»