በክርስትና ስሜ የገዛኋት መኪና

እናንተ ሰዎች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። እኔ “መኪናዬ መጣች” ስል እናንተ “በር ክፈቱላት” በሉኝ። መኪናዬ መጣች! አላችሁ? እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲህ ስሙ።

እናቴ ዘነቡ አንዲት ነገር ፈለገች። ለኅዳር ሚካኤል ከሁላችን ጋር ተራራው ላይ ወጥታ ማስቀደስ ፈለገች። ሌላ ምንም አልፈለገችም። እግሯን ከታመመች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ እኛ ነጠላችንን አጣፍተን ስንወጣ እሷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ “ሂዱ፣ ሂዱ፣ ቤቱን እኔ እጠብቃለሁ” ትለን ነበር። እኔ ማር ነጋዴ ነኝ። ቤቴ ውስጥ ያለው አራት ባዶ ቀፎና አንድ ድመት ነው። ምኑ ይጠበቃል? ግን እንደዚያ ትለን ነበር።

ተራራው መንገድ አለው፤ መንገዱ ግን ድንጋይ ነው። ሚኒባስ አይወጣውም፤ ባጃጅማ ገና ከሩቅ ሲያየው ይመለሳል። ስለዚህ እኔና ወንድሜ ሙሉዓለም “ፎር ዊል ነው የሚያስፈልገን” አልን። አዲስ አልተመኘንም። ያገለገለች ትሁን፣ ግን ጤነኛ ትሁን። የእህቴ ልጅ ናሁሰናይ ዱባይ ይሠራል፤ በስልክ ፎቶ እየላከ አስመረጠን።

የመጀመሪያዋ ታምራለች፤ መሪዋ ግን በቀኝ ነው። ሙሉዓለም የጭነት ሹፌር ነውና “በእኛ መንገድ አትሆንም፣ እለፋት” አለ። ሁለተኛዋ የምትይዘው አምስት ሰው ነው። ሚስቴ አሰገደች በጣቷ ቆጠረችና “እኛ ሰባት ነን፤ ሁለቱን ጣራ ላይ ልታስራቸው ነው?” አለች። ሦስተኛዋ ነጭ ናት፤ በናፍጣ ትሄዳለች፤ ከሥሯ አልዛገችም፤ ሰባት ሰው ትይዛለች። በሯ ሥር ደግሞ የእግር መርገጫ አላት። እናቴ ስልኩን ዓይኗ ሥር አስጠግታ፣ ሌላውን ሁሉ ትታ መርገጫውን አየች።

“ይቺ እግሬን አይታ ነው የተሠራችው” አለች። አለቀ። ተመረጠች።

ናሁሰናይ “አጎቴ፣ ሰነዱ በማን ስም ይሁን?” አለኝ። ነገሬ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። እኔ በሆዴ አሰብኩ። ይቺ መኪና ባሕር ልታቋርጥ ነው፤ ጸሎት ያስፈልጋታል። ቄስ ደግሞ ሲጸልይልኝ ሽበሺ አይለኝም፤ የሚጠራኝ በክርስትና ስሜ ነው። “ወልደ ሰንበት ብለህ ጻፍ” አልኩት። ጻፈ።

መኪናዋ በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲም ደረቅ ወደብ ደረሰች። ኅዳር አንድ ቀን በአውቶቡስ ሄድኩ። በሩ ላይ ጉደታ የሚባል ዘበኛ ቆሟል፤ ዝግባ የሚያህል ሰው።

“ጋሼ፣ የመውጫ ወረቀት?”

“ገና ነው። ግን መኪናዬ ያቻት፣ ነጯ።”

“ነጭማ እዚህ መቶ አለ። ወረቀት የሌላት ዝንብም በዚህ በር አትወጣም።”

ጉደታ አልከፍትም አለ። መኪናዋ አልወጣም አለች። እናቴም ቤት ጠባቂ ናት።

ወረቀቱን የምትፈርመው የጉምሩኳ ወይዘሪት ሰናይት ናት። ትሑት ልጅ ናት። መታወቂያዬን አየች፤ ሰነዱን አየች፤ እንደገና መታወቂያዬን አየች።

“ወልደ ሰንበት የታሉ?”

“እኔ ነኝ።”

“ሽበሺስ?”

“እሱም እኔ ነኝ።”

አፏን በእጇ ያዘች። “አባቴ፣ መኪና በክርስትና ስም ገዙ?”

“አዎ፣ ለጸሎቱ ብዬ።”

“ለወልደ ሰንበት የመጣችን መኪና ለሽበሺ ሰጥቼ፣ ነገ ወልደ ሰንበት ቢመጣ ምን እለዋለሁ?”

“ነገም የምመጣው እኔው ነኝ!”

ሳቀች፤ ግን አልፈረመችም። “ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን ከቀበሌዎ አጽፈው ይምጡ። በመጡበት ደቂቃ እፈርማለሁ” አለችኝ። እውነቷን ነው።

ሰናይት አልፈርምም አለች። ጉደታ አልከፍትም አለ። መኪናዋ አልወጣም አለች። እናቴም ቤት ጠባቂ ናት።

ተመልሼ አገሬ ገባሁ። እናቴ ስትሰማ “መኪናዋን ክርስትና ልታነሳት ነበር እንዴ?” ብላ እግሯን እስኪያማት ሳቀች። ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው ፋሲካው አብሮኝ ዳዊት የደገመ ሰው ነው፤ ብዕሩን ጆሮው ላይ እንደ ሰካ ነው የሚውለው።

“ምስክር አለህ?”

“እናቴ አለች።”

“እናት ለልጇ አትመሰክርም። ያጠመቁህ ቄስ?”

“ነፍሳቸውን ይማርና አርፈዋል።”

“የክርስትና አባትህስ?”

“አያ ወንድይራድ፣ ተራራው ላይ።”

“እሳቸውን አምጣ። እዚህ ቆመው በአፋቸው ይናገሩ። ያለዚያ ብዕሬ ከጆሮዬ አይወርድም።”

ፋሲካው አልጽፍም አለ። ሰናይት አልፈርምም አለች። ጉደታ አልከፍትም አለ። መኪናዋ አልወጣም አለች። እናቴም ቤት ጠባቂ ናት።

ኅዳር አራት ቀን ተራራውን በእግሬ ወጣሁ። አያ ወንድይራድ አጥር ጥግ ፀሐይ ይሞቃሉ። ከቄሱና ከእናቴ ሌላ በዚያ ስም የሚጠሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። “ልጄ ወልደ ሰንበት!” ሲሉኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጉልበታቸውን ስሜ ነገሩን ነገርኳቸው።

“ጉልበቴ እንኳን ተራራውን፣ ይቺን ደረጃም አይወርድልኝም” አሉ። “መኪና ይዘህ ናና ውሰደኝ።”

“አያ! እርስዎን የፈለግሁት እኮ መኪናዋን ለማስወጣት ነው!”

“እንግዲያው አስወጣትና ናልኝ፤ ከዚያ ወርጄ እንድትወጣ እመሰክራለሁ።”

ተያየን። መጀመሪያ እሳቸው ሳቁ፤ ከዚያ እኔ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ነገሩ እውነት ነበር።

“በቅሎዬ ዳማ ካወረደችኝ እወርዳለሁ” አሉ በመጨረሻ። “ያለ እሷ አይሆንም።”

አያ ወንድይራድ አልወርድም አሉ። ፋሲካው አልጽፍም አለ። ሰናይት አልፈርምም አለች። ጉደታ አልከፍትም አለ። መኪናዋ አልወጣም አለች። እናቴም ቤት ጠባቂ ናት።

ዳማዋን ጫንኳት። ልጓሟን ሳብኩ፤ ቆመች። ለመንኳት፤ ቆመች። “በእመቤቴ” አልኳት፤ ጆሮዋን ጣለችና ቆመች።

“በከንቱ አትድከም” አሉኝ አያ። “ከጎረቤቴ ከማንጠግቦሽ ባዝራ ፈረስ ጋር ነው የምትሰማራው። ባዝራዋ ካልቀደመች አንድ እግር አታነሳም። እኔንም ስንት ጊዜ መንገድ ላይ አስቀርታኛለች!”

ዳማዋ አልራመድም አለች። አያ ወንድይራድ አልወርድም አሉ። ፋሲካው አልጽፍም አለ። ሰናይት አልፈርምም አለች። ጉደታ አልከፍትም አለ። መኪናዋ አልወጣም አለች። እናቴም ቤት ጠባቂ ናት።

እትዬ ማንጠግቦሽን አውድማቸው ላይ አገኘኋቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እርሻውን የያዙት እሳቸው ናቸው፤ ምላሳቸውም እንደ ማጭዳቸው ነው።

“ባዝራዬን? ዛሬ? ገብሴ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ?” አሉ። “እህሉን ወደ ቤት የምታስገባልኝ ማን ሆነችና ነው? ዝናብ ቢመታብኝ መኪናህን ቀቅዬ ልበላ ነው? ገብሴ ሲገባ ውሰዳት። ከዚያ በፊት አልሰጥም።”

“እንግዲያው ላግዝዎት” አልኩና መንሽ አነሳሁ። ገብሱ ተወቅቷል፤ ግን ከገለባው አልተለየም። በመንሹ ወደ ላይ ወረወርኩት። እህሉም ገለባውም ተያይዘው ተመልሰው ራሴ ላይ ወረዱ። ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም።

“ነፋስ የለም” አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ። “ሁለት ቀን ሆነው። ነፋስ ሳይኖር ገብስ አይለይም፤ ሳይለይ አይገባም።”

ያን ቀን ጠበቅን። አምስትን ጠበቅን። ስድስትን ጠበቅን። ሰባት ሲሆን ጣቴን ቆጠርኩ፤ ለሚካኤል የቀረው አምስት ቀን ነው።

ነፋሱ አልነፍስም አለ። ገብሱ አልገባም አለ። እትዬ ማንጠግቦሽ አልሰጥም አሉ። ዳማዋ አልራመድም አለች። አያ ወንድይራድ አልወርድም አሉ። ፋሲካው አልጽፍም አለ። ሰናይት አልፈርምም አለች። ጉደታ አልከፍትም አለ። መኪናዋ አልወጣም አለች። እናቴም ቤት ጠባቂ ናት።

አሁን እንግዲህ ነፋስን ማን ያዘዋል? ቀበሌ አያዘው። ጉምሩክ አያዘው። የሚያዘው አንድ ነው። ፀሐይ ከአናቴ ዘወር ስትል፣ ባርኔጣዬን አውልቄ ገለባው ላይ ተንበረከክሁ። ጸሎት ማሳመር አልችልበትም። የመጣልኝን አልኩ።

“ጌታዬ፣ እኔ ነኝ። ሽበሺ ነኝ ብልህም፣ ወልደ ሰንበት ነኝ ብልህም፣ አንተ ደብዳቤ አትጠይቀኝም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በለኝ። ነፋሱን ለእኔ ብለህ አትላከው፤ ለእናቴ ብለህ ላከው። ስድስት ዓመት ‘ሂዱ፣ ሂዱ’ ስትለን ፊቷን አንተ አይተኸዋል። እኔ አላየሁትም፤ እየቸኮልኩ ነበር።”

አሜን ብዬ ቀና ስል የእትዬ ማንጠግቦሽ የሻሽ ጫፍ ተነቃነቀ። ሴትዮዋ ሻሻቸውን ያዙ። እኔን አዩ። ሰማዩን አዩ። ከዚያ ተራራውን የሚሰነጥቅ ጩኸት ጮሁ።

“መንሽ! መንሹን አንሳ አንተ ሰው፣ በኋላ ታመሰግናለህ!”

ነፋሱ መጣ! ከገደሉ ሥር ተነስቶ እያፏጨ መጣ! ገብሱን ወደ ላይ ወረወርኩ፤ ገለባው እንደ ወርቅ አቧራ ወደ ማዶ ሄደ፣ እህሉ እግሬ ሥር ዘነበ። ጎረቤት ሰምቶ መጣ፤ ላይዳ የያዘ በላይዳ፣ ጆንያ የያዘ በጆንያ። በማግሥቱ ረፋድ ላይ የመጨረሻው ጆንያ ጎተራ ገባ።

ነፋሱ ነፈሰ፣ ገብሱ ገባ። ገብሱ ገባ፣ እትዬ ማንጠግቦሽ ባዝራዋን ሰጡ። ባዝራዋ ቀደመች፣ ዳማዋ ተራመደች። ዳማዋ ተራመደች፣ አያ ወንድይራድ ኮርቻ ላይ ተደላድለው ወረዱ!

ኅዳር ዘጠኝ ቀን ጠዋት ቀበሌው ሰው ሞላበት። ፋሲካው “ይህን ሰው ያውቁታል?” አላቸው።

“ላውቀው!” አሉ አያ። “በአርባ ቀኑ ያቀፍኩት እኔ ነኝ። ውሃው ሲነካው ጺሜን ጨብጦ አልለቅም አለ። ቄሱ ‘ወልደ ሰንበት’ ሲሉት ነው የለቀቀኝ። አንተም ስሙን እስክትጽፍለት ጺምህን ሊይዝህ ይችላል፣ ቶሎ በል!”

ቀበሌው በሳቅ ፈነዳ። ብዕሩ ከጆሮ ወረደ። ፋሲካው ጻፈ፤ ማኅተሙን ሲመታ ጠረጴዛው ዘለለ።

በማግሥቱ እኔና ሙሉዓለም ደረቅ ወደብ ደረስን። ሰናይት ደብዳቤውን አንብባ ከወንበሯ ተነሳች። “እንኳን ደስ አለዎት፣ አቶ ሽበሺ። ለአቶ ወልደ ሰንበትም እንኳን ደስ አለዎት ይበሉልኝ” አለችና ፈረመች። ጉደታ ወረቀቱን አየ፣ ቁጥሩን ከሻንሲው ጋር አስተያየ፣ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዶ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠኝ። ያ ሁሉ ብረት በር ወለል ብሎ ተከፈተ። ሙሉዓለም ሞተሩን አስነሳ። ነጯ መኪናዬ፣ መርገጫ ያላት መኪናዬ፣ ወጣች!

ኅዳር አሥራ ሁለት ጎህ ሲቀድ ሁላችንም ነጭ ለብሰን ደጅ ቆምን። እናቴ መርገጫው ላይ አንድ እግሯን አደረገች። ከዚያ ድንገት ዞር አለች።

“ቤቱንስ ማን ይጠብቀው?”

አሰገደች ቁልፉን አምጥታ እጇ ላይ አስቀመጠችላት። እናቴ ቁልፉን አየችው። በስድስት ዓመት ውስጥ ለበዓል ያንን በር ከውጭ ቆልፋው አታውቅም። እያነከሰች ሄዳ ቆለፈችው፤ ደግማ ገፋ አድርጋ አየችው። ተመልሳ የፊት ወንበር ላይ ወጣች፤ ማንም አልደገፋትም።

“እንግዲህ ንዳ” አለችው ሙሉዓለምን። “ታቦቱ ሳይወጣ።”

ድንጋዩ ተንገራገጨ፤ መኪናዋ ወጣች። ጅረቱ ጎማዋን አጠበ፤ መኪናዋ ወጣች። ዳገቱ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ሰቀለው፤ መኪናዋ ወጣች። ከላይ ከበሮው ሲሰማ እናቴ መስኮቱን አውርዳ እልል አለች፤ ከቅጽሩ ያሉት ሴቶች መለሱላት።

ነፋሱ ስለነፈሰ ገብሱ ገባ፤ ገብሱ ስለገባ እትዬ ማንጠግቦሽ ሰጡ፤ ባዝራዋ ስለቀደመች ዳማዋ ተራመደች፤ ዳማዋ ስለተራመደች አያ ወንድይራድ ወረዱ፤ እሳቸው ስለወረዱ ፋሲካው ጻፈ፤ ፋሲካው ስለጻፈ ሰናይት ፈረመች፤ ሰናይት ስለፈረመች ጉደታ ከፈተ፤ ጉደታ ስለከፈተ መኪናዋ ወጣች፤ መኪናዋም ስለወጣች እናቴ ዘነቡ ቅጽሩ ውስጥ፣ ከሴቶቹ ሁሉ ፊት፣ ቆማ አስቀደሰች።

ያወራሁትንም የሰማችሁትንም ለከርሞው ያድርሰን።