በዘበኛው የታከመው ወገብ

አንድ ቀን የደብረ ማርቆሱ የእህል ነጋዴ አቶ ቸኮል ከአልጋቸው ሊነሡ ቢሉ ወገባቸው እምቢ አለ። ነገሩ አዲስ አልነበረም፤ ዓመታት የቆየ ሕመም ነው። ወጌሻ አሽቷቸዋል፣ ጠበል ተጠምቀዋል፣ የማስታገሻ ክኒኑንማ እንደ ቆሎ ሲቅሙት ኖረው ጨጓራቸው ከወገባቸው ባሰ። በመጨረሻ ሐኪሙ ክኒኑን ከለከላቸውና ምንትዋብ ወደምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ላካቸው። እሳቸውም ዘበኛቸውን አስማረን ትራስ አስይዘው ሄዱ።

ምንትዋብ አገላብጣ መረመረቻቸው። አጥንታቸው ደኅና እንደሆነ፣ ወገባቸውን ያደከመው ቀኑን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ መዋል መሆኑን ነገረቻቸው። ክቡርነታቸው መሬት መተኛቱን ስላልወደዱት እንቅስቃሴውን ያሳየቻቸው አስማረን ምንጣፍ ላይ አስተኝታ ነበር። በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ ዳሌን ማንሣት፣ ጉልበትን ወደ ደረት መሳብ፣ ከዚያ ወጣ ብሎ በእግር መሄድ። ጠዋትና ማታ ሳያቋርጡ ከሠሩት ሕመሙ ቀስ እያለ እንደሚለቃቸው፣ ባንዴ ካልዳንኩ ብለው እንዳይተዉት አደራ አለቻቸው።

አቶ ቸኮል ግን አዝዞ ማሠራት እንጂ መሥራት የት ያውቃሉ? የንስሐ አባታቸው ስግደት ሲያዝዟቸው እንኳ ለአስማረ ነበር የሚያስተላልፉት። አባ ይህን ይወቁ አይወቁ እግዜር ይወቀው። ሕክምናውንም በዚያው ደንብ ያዙት። ጠዋትና ማታ በረንዳው ላይ ወንበር አስወጥተው ይሰየሙና አስማረን ሰሌን ላይ አስተኝተው ያሠሩታል። ዳሌውን ዝቅ ካደረገ ይቆጡታል፤ ወገባቸው ነዋ። በእግር መሄዱም ሲደርስ እስከ ገበያው ድረስ ይልኩትና ሲመለስ ግንባሩ ማላቡን አይተው ይረካሉ።

አስማረ ምን ይበል? ክረምቱ ገብቷል፤ ከዚያ ግቢ ቢወጣ የሚጠለልበት የለውም። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ በጥበቃ ጎጆው ውስጥ ኩርምት ብሎ ሲያድር ይነዘንዘው የነበረው የገዛ ጀርባው ለቀቅ እያለው ነበር።

ቀጠሮው ሲደርስ ተያይዘው ተመለሱ። ምንትዋብ ጎንበስ ይበሉ ብትላቸው የአቶ ቸኮል እጅ ከጉልበታቸው አላልፍ አለ። እንቅስቃሴውን ይሠሩ እንደነበር ጠየቀቻቸው። አንድም ቀን እንዳልታጎለ ምለው ነገሯት፤ መሐላውም ውሸት አልነበረም። ነገሩ ግራ ቢገባት እስቲ እንዴት እንደሚሠሩት ያሳዩኝ አለቻቸው። አቶ ቸኮል ወደ አስማረ ዞሩና፣ «ተኛና አሳያት» አሉት።

አስማረ ተኝቶ ሁሉንም አንድ በአንድ ሠራ። ሲነሣም፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ጎንበስ ብሎ መዳፉን ከወለሉ አገናኘ። የአቶ ቸኮል ደም ግን ፈላ። እንዲህ እንደ ልቡ የሚተጣጠፍ ሰው የእሳቸውን ወገብ ማዳን ካቃተው፣ ቢለግም ነው እንጂ ሌላ ምን ምክንያት ይኖረዋል?

«አንተ ይህን ሁሉ ጊዜ ሠርተህ እኔ ያልዳንኩት» አሉት፣ «አጉድለህ ብትሠራልኝ ነው። ዛሬውኑ ጓዝህን ጠቅልለህ ትወጣልኛለህ።»

አስማረ የጌታውን ትራስ አንሥቶ ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«ጌታዬ፣ እርስዎስ ይህን ሁሉ ዓመት በልተው እኔ ያልጠገብኩት፣ አጉድለው ቢበሉልኝ ነው?»

ምንትዋብ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አቶ ቸኮል ወደ ምንጣፉ ቀረብ አሉና፣ እየተቃሰቱ ጫማቸውን ለማውለቅ አጎነበሱ። አስማረ እንደ ልማዱ ሊያወልቅላቸው ቢጠጋ፣ «ተው» አሉት፣ «ይኸንንም ራሴ ልሞክረው።»