ደምለውና ውሸታሟ የነዳጅ መርፌ

ተረቴን ላምጣላችሁ? «አምጣልን» በሉኝ እንጂ! እሺ፣ ጆሯችሁን አቅኑ።

በጣም ድሮ ነው እንዳልላችሁ መኪና ነበረ። ቅርብ ጊዜ ነው እንዳልላችሁ መኪናው ያወራ ነበር። እንግዲህ መኪና ከተፈጠረ በኋላ፣ መኪና አፉን ከመዝጋቱ በፊት ነው በሉት። በዚያን ዘመን አህያ ይመክራል፣ ፍሬን ያማርራል፣ ድስት ከክዳኑ ጋር ይካሰሳል።

በዚያን ዘመን እንጭቆ በምትባል፣ አፋፍ ላይ በተቀመጠች ትንሽ ከተማ ደምለው የሚባል ሹፌር ነበረ። አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው። ስሟን መብረቅ ብሎ አወጣላት። መብረቅ ግን ጠዋት ጠዋት በደንብ ሳትስል አትነሣም ነበር።

ደምለው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነበር እንጂ። ከእንቅልፉ ሲነቃ የመጀመሪያ ሥራው ሞተር ማስነሣት ነው። ሞተሩ እየሠራ ፊቱን ይታጠባል። ሞተሩ እየሠራ ቁርሱን ይበላል። ሞተሩ እየሠራ ከጎረቤቱ ጋር ስለ ዝናብ ያወራል። «ምነው አትሄድም?» ሲሉት «ይሙቅ ብዬ ነው» ይላል።

«ኧረ እኔስ ሞቄ ተቃጠልሁ!» ይላል ሞተሩ።

ከዚያ ይነዳል። አነዳዱስ! ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ይረግጠዋል፤ መብረቅ ትዘላለች። መታጠፊያ ሲደርስ ፍሬኑን እስከ ወለሉ ይረግጠዋል፤ መብረቅ ትንበረከካለች። ይረግጣል፣ ትዘላለች፤ ይረግጣል፣ ትንበረከካለች። ከኋላ ጭነት መጫኛዋ ላይ ደግሞ የተሰበረ አልጋ፣ የአሮጌ ጎማ ክምርና አንድ የወፍጮ ድንጋይ ጭኖ ይዞራል። «ድንጋዩ ምን ያደርግልሃል?» ሲባል «አንድ ቀን ያስፈልግ ይሆናል» ይላል። የመብረቅ ጎማዎች ንፋስ ጎድሏቸው እንደ ጾመኛ ሆድ ሟሽሸዋል።

ነዳጁን የሚይዘው ሰልባቲዮ በየቀኑ ይጮሃል።

«ጋሼ ደምለው! አለቀብኝ እኮ!»

«አንተ ደግሞ ከመጠጣት ሌላ ምን ታውቃለህ?»

«እኔ እይዛለሁ እንጂ አልጠጣም! የሚጠጣው እግርዎ ነው!»

ደምለው ሬዲዮኑን ከፍ ያደርገዋል።

ቤቱስ ከመኪናው ይሻል ነበር? የት ተሽሎ! ሚስቱ የሻረግ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች፣ ሳቂታ፣ ምላሷ የተሳለ ሴት ነበረች። ወጥ ስትሠራ ድስቱን አትከድንም። ከሰሉ ይንቀለቀላል፣ ድስቱ ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ በመስኮት ይወጣል። ክዳኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይለምናል።

«እመቤቴ፣ ኧረ አንዴ ከድኚብኝ!»

«ወጤን ካላየሁት አይጥመኝም» ትላለች።

«ደግ አደረግሽ» ይላል ድስቱ። «እሱ ሲጫነኝ ይጨንቀኛል።»

ጣሪያው ላይ ያለው አምፖል ደግሞ በጠራራ ፀሐይ እየበራ «ኧረ አጥፉኝ፣ ፀሐይ ፊት አፍራለሁ!» ይላል። የሚሰማው የለም።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ደምለው ተቆጣ።

«ከሰሉን እኮ ጨረስሽው!»

«አንተስ ነዳጁን? እኔ ቢያንስ ወጥ ይወጣልኛል። ካንተ የሚወጣው ጭስ ብቻ ነው!»

ደምለው ወጡን ቀመሰ። መልስ ያጣ ባል እንደሚያደርገውም «ጨው አንሶታል» አለ።

ክረምቱ ገባ። ጎርፉ በደጋው በኩል ያለውን ድልድይ ይዞት ሄደ። የነዳጅ ቦቴውም የከሰሉ መኪናም የሚመጡት በዚያ በኩል ነበርና ሁለቱም ቀሩ። ማደያው ተዘጋ። በዚያው ሰሞን አዋላጇ እማማ አበዙ የየሻረግን ሆድ ዳሰሱና ፊታቸው ከበደ።

«ስማ ደምለው፣ ልጁ ተጋድሟል። እዚህ አይወለድም። ምጥ እንደጀመራት ቆላ ወርደህ ሆስፒታል ታደርሳታለህ። እስከዚያ ነዳጅህን እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቅ።»

«በአባቴ አጥንት!» ብሎ ማለ ደምለው።

ሰልባቲዮው ያን ጊዜ ከግማሽ በላይ ነበረው። መሐላውም እስከ ማግስቱ ቆየ።

በማግስቱ አጎቱ በሬ መግዛቱን ሰማ። «በሬ ለመመረቅ በእግር አይኬድም» ብሎ እየበረረ ሄዶ መረቀ። ቀጥሎ የጓደኛው ዶሮ ጠፋች ተባለ። እየበረረ መንደሩን ዞሮ ፈለጋት፤ ዶሮዋ ለካ ቆጧ ላይ ተኝታለች። ቀጥሎ ደግሞ ምክንያት ቢያጣ «ባትሪው እንዳይሞት» ብሎ ከተማዋን እንዲያው ዞራት።

በዚህ ጊዜ የመብረቅ ዕቃዎች ሸንጎ ተቀመጡ። ደምለው ቤት ገብቶ ምሳ ሲበላ እነሱ ግቢው ውስጥ ተንሾካሾኩ። ታገስ የሚባለው የጎረቤት አህያም አጥሩ ላይ አንገቱን አሻግሮ ያደምጥ ነበር።

«አንዴ እኔን ይረግጣል፣ አንዴ እሱን ይረግጣል» አለ ፍሬኑ ነዳጅ መስጫውን እያሳየ። «እኔ አለቅሁ።»

«እኔም ጎደልሁ» አለ ሰልባቲዮው። «ሴትዮዋ ምጥ ሲመጣባት በምን ልንወስዳት ነው?»

ነዳጁ ስንት እንደቀረ የምታመለክተው ቀጭን መርፌ አለቀሰች። «እኔ ሁልጊዜ እውነቱን እናገራለሁ፤ ማን ሰምቶኝ ያውቃል?»

አህያው ጭዱን አላምጦ ዋጠና «እንግዲያው ውሸቱን ተናገሪ» አላት።

«ምን?»

«ሰው ያለውን አይቆጥብም። የሚቆጥበው ያለቀበት ሲመስለው ነው። ዛሬ ተኚና ቀዩ ላይ ውደቂ።»

መርፌዋ ውሸት አታውቅም ነበርና እፍረቷን ዋጥ አድርጋ ቀዩ ላይ ዝርግት አለች።

ደምለው መጥቶ ቢያይ መርፌዋ ሞታለች! ሰልባቲዮውን መታ፣ ጎማውን ሰደበ፣ ራሱን ያዘ። ከዚያም በኋላ መብረቅን ግቢ አቁሞ በእግሩ መሄድ ጀመረ። መንገዱም አላለቀበት። እንዲያውም ሰዎች ቆመው ሰላም የሚሉት ሆኑ፤ ድሮ አቧራ ስለሚያለብሳቸው ይሸሹት ነበር።

የሻረግም የከሰል ማዳበሪያዋ ሥሩ ታየ። ቢጨንቃት ክዳኑን ከግድግዳ አውርዳ ድስቱ ላይ ከደነችው።

«ወይኔ ታፈንሁ!» አለ ድስቱ። ትንሽ ቆየና «እ… ቆይ እስቲ። ይሄስ ይሞቃል» አለ።

ሽሮው በአንድ እፍኝ ከሰል በሰለ። ደምለው ገርሞት ክዳኑን ጠየቀው።

«አንተ ክዳን፣ እሳት ከየት አመጣህ?»

«እኔ ምን እሳት አለኝ ጋሼ? ያለው እንዳይሸሽ በሩን ዘጋሁበት እንጂ።»

ደምለው ይህን ሲሰማ ጣሪያውን አንጋጦ አየ። ተነሥቶም አምፖሉን አጠፋው። አምፖሉ «ተመስገን» ብሎ ተኛ።

እንዲህ እያሉ ሳለ አንድ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ የሻረግ ወገቧን ይዛ ጮኸች። ምጥ መጣ።

ደምለው ወደ መብረቅ ሮጠ። መርፌዋ ቀዩ ላይ ናት። መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «እኔ ነኝ! እኔ በገዛ እግሬ ነው የገደልኳት!»

መርፌዋ ቀና፣ ቀና፣ ቀና አለችና «ጋሼ… አይቆጡም?» አለች።

«ምኑን?»

«ዋሽቼ ነው። ሩብ ያህል አለ።»

ደምለው በደስታ ዘሎ የሻረግን ጋቢና አስገባ፣ መሪውን ጨበጠ፣ እግሩንም አነሣ። ነዳጅ መስጫው ዓይኑን ጨፈነ።

«ቁም!» አለ ታገስ ከአጥሩ ላይ። «ሩብ ባንተ አነዳድ ግማሽ መንገድ ነው፤ በእኔ አካሄድ ግን ያደርሳል። እኔን እየኝ፦ ዳገት ላይ አልሮጥም፣ ቁልቁለት ላይ አልንዘላዘልም፣ ስቆም አላናፋም።»

ደምለው ወረደ። አልጋውን ወረወረ፣ ጎማውን ወረወረ፣ የወፍጮውን ድንጋይ አቅፎ ግን አመነታ። «አንድ ቀን ያስፈል…»

«ደምለው!» አለች የሻረግ ከጋቢና ውስጥ ጥርሷን ነክሳ። «ወይ ድንጋዩ ወይ እኔ!»

ድንጋዩ ወረደ። መብረቅ እፎይ ብላ አንድ ጣት ከፍ አለች። ጎማዎቹንም እስኪወጠሩ ነፋቸው። ሞተሩ ሲነሣ ወዲያው፣ ግን በቀስታ ሄደ።

ዳገቱ ላይ ዝንጀሮዎች ተሰብስበው ጠበቁት። «ኧረ መብረቅ ኤሊ ሆነች! ደምለው፣ እግርህን ጅብ በላው እንዴ?»

ለመርገጥ እግሩን በላው። የሻረግም «ፍጠን እንጂ አንተ ሰውዬ!» ብላ ጮኸች።

«ከፈጠንሁ አንደርስም፣ የኔ ዓለም» አላት። ላቡ እየወረደ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ማርሹን በጊዜው እየቀየረ፣ በአንድ ልክ ወጣ። ዝንጀሮዎቹም የሚሰደብ ሰው ካልተቆጣ ስድብ አይጥምምና ተበተኑ።

ቁልቁለቱ መጣ። መብረቅን ከማርሽ ሳያወጣ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሣ። ሞተሩ ራሱ ያዛት። ነዳጅ መስጫው አዛጋ፣ ፍሬኑም መታጠፊያ ላይ ብቻ በስሱ ተነካ። «ጋሼ፣ እንዲህ መንካት ያውቁ ነበር እንዴ?» አለ ፍሬኑ።

ከቁልቁለቱ ሥር አንድ ኮርማ መንገዱ መሐል ተጋድሟል። ከወዲህ ገደል፣ ከወዲያ ወንዝ፣ ማለፊያ የለም።

«ተነሥ ወንድሜ፣ ሚስቴ ምጥ ላይ ናት!»

«መጀመሪያ ጡሩምባህን ንፋልኝ» አለ ኮርማው። «ሞተርህንም አስጓራልኝ። እኔ የምተኛው እኮ ሹፌር ሲናደድ ለማየት ነው።»

የደምለው እጅ ወደ ጡሩምባው ሄደ። ከዚያ ሰልባቲዮውን አሰበ፣ ክዳኑንም አሰበ። ቁልፉን አዞረና ሞተሩን አጠፋ። እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

የወንዙ ድምፅ ብቻ ተሰማ። የሻረግ የባሏን እጅ ይዛ አጥብቃ ጨመቀችው። ኮርማው አንድ ዓይኑን ገለጠ፣ ሌላውንም ገለጠ።

«አትናደድም?»

«አልናደድም።»

«እንዴት ያለህ ደረቅ ሰው ነህ!» ብሎ ኮርማው አኩርፎ ተነሣና ጅራቱን እየወነጨፈ ሄደ።

መብረቅ ሆስፒታሉ በር ላይ ስትደርስ ሰልባቲዮው ውስጥ የቀረው የመጨረሻው ጠብታ ነበር። እሱም «ደረስን?» ብሎ ጠየቀ፤ «ደርሰናል» ሲሉት አለቀ። የሻረግን በቃሬዛ ተቀብለው አስገቧት። ደምለው በሩ ላይ ሲንቆራጠጥ ቆየ፤ ጀንበር ሳትጠልቅ የልጅ ለቅሶ ሰማ። ሴት ልጅ ነበረች፤ እናቷም ደኅና። ደምለው ወጥቶ መብረቅን አቅፎ ሳማት። ዘበኛው አይቶ «አይ የአባት ነገር!» አለ።

እዚያው ቆላ ሰንብተው ድልድዩ ተሠርቶ ነዳጅ ሲመጣ ደምለው ሚስትና ልጁን ጭኖ ወደ እንጭቆ ተመለሰ። አነዳዱ ግን አሁን እንደ ማር ጠብታ ሆነ። ኤሊ ቀደመችው። አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ይዘው ቀደሙትና ዞረው «ደህና ዋሉ» አሉት። የሻረግ ታገሠች፣ ታገሠች፣ በመጨረሻ አልቻለችም።

«ኧረ በፈጠረህ ትንሽ ጨምር! ልጅቷ ጋቢና ውስጥ ለአቅመ ሔዋን ልትደርስ ነው!»

ደምለው ሳቀ፤ ትንሽም ጨመረ። ትንሽ ብቻ።

እኔንም ደግ ሰሚ አይንሳኝ፣ እናንተንም ልቦና አይንሳችሁ።

ለችኩል ጋኑ አይበቃውም፤ ለረጋ ሰው ቅሉ ይተርፈዋል።