የአቶ ጌጡ ኤስ

በአንድ ወቅት፣ አውቶቡስ ገብቶ በሚያድርባት አንዲት የወረዳ ከተማ፣ መምህር ልሳነወርቅ የሚባሉ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበሩ። ሰው ሲያናግራቸው ዓይኑን አያዩም፤ አፉን ነው የሚያዩት። ከአፉ የሚወጣው እንግሊዝኛ ከሆነ ደግሞ ገና ሳይጨርስ ከንፈራቸው ወደ አንድ ጎን ይጣመማል። በሬዲዮ ሹም ሲናገር ይጣመማል። ሰባኪ አንዲት የፈረንጅ ቃል ጣል ሲያደርግ ይጣመማል። አንድ ጊዜማ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ የተጻፈ የእንግሊዝኛ መስመር አንብበው፣ ያዘዙትን ጥብስ ሳይቀምሱ ተነስተው ወጥተዋል። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ፤ እሳቸውም ሲፈርዱ ኖሩ።

ከሁሉ አብልጠው የሚንቁት ግን ግሱን ከባለቤቱ ጋር ማስማማት ያቃተውን ሰው ነበር። «ባለቤቱን የማያውቅ ግስ፣» ይሉ ነበር፣ «ገበያ መሀል ከሚልከሰከስ ውሻ በምን ይሻላል?» ለተማሪዎቻቸው ሲያስረዱም እንዲህ ይላሉ፦ «በአማርኛ ልጁ መጣ፣ ልጆቹ መጡ ነው፤ ሁለቱም አብረው ይበዛሉ። እንግሊዝኛ እንዲህ አይደለም። ኤስ የምትባለው ፊደል አንዲት ጋቢ ናት። ስሙ በዝቶ ከለበሳት ግሱ ራቁቱን ይቆማል፤ ባለቤቱ አንድ ሲሆን ደግሞ ግሱ ይለብሳታል። ሁለቱ ተሻምተው የለበሷት ቀን ተቀደደች ማለት ነው።»

ይህ ከማይገባቸው ልጆች አንዱ ጌጡ ይባል ነበር። አንድ ቀን ስለ አባቱ ሰሌዳ ላይ እንዲጽፍ ታዝዞ ወጣና «ጎዝ» ማለት ሲገባው «ማይ ፋዘር ጎ» ብሎ ጻፈ።

«ኤሷን ማን ወሰዳት?» አሉ መምህር ልሳነወርቅ።

«ጎዝ ለአንድ ሰው ነው መምህር። አባቴን አንተ ያልኳቸው መሰለኝ» አለ ጌጡ።

በእኛ ቋንቋ ትልቅ ሰው ብቻውንም ቢሆን ሄዱ ነው የሚባለው፤ ልጁ አባቱን ማክበሩ ነበር። መምህር ልሳነወርቅ ይህን በሁለት ቃል ሊያቃኑለት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ክፍሉ ዞሩና፣ «እንግሊዝ የዚህን ልጅ አባት አያውቃቸውም» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ጌጡ ከዚያ ቀን ወዲያ ኤስን ፈራት። በተጠራጠረ ቁጥር ስሙም ላይ ግሱም ላይ ይጨምራታል፤ ከምትጎድል ትትረፍ ብሎ።

ዘመን አለፈ። ጌጡ አድጎ አቶ ጌጡ ሆኑ፤ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊም ሆኑ። ያስቀየማቸውን አስተማሪ መንገድ ወደሚያልቅበት ቀበሌ ይመድቡታል ተብለው ይፈራሉ። መምህር ልሳነወርቅ ግን እንደ ቀድሞው ይንቋቸው ነበር፤ ስብሰባ ላይ ኃላፊው ሲናገሩ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

መምህሩ ጡረታ ሊወጡ ሲቃረቡ፣ በትምህርት ቤቱ በጊዜያዊነት እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ሦስት ወጣቶች ነበሩ፤ ሦስቱም የእሳቸው ተማሪዎች። ከሦስቱ አንዱ ቦታቸውን ወርሶ በቋሚነት ይቀራል፤ ሁለቱ ወደ ሩቅ ይሄዳሉ። ርዕሰ መምህሩ ምርጫውን ለእሳቸው ተዉላቸው። መምህር ልሳነወርቅ ደምመላሽን ጩኸታም፣ ወደርየለሽን ብልጣብልጥ፣ ሙዘይንን ፈዛዛ ይሏቸው ነበር። ሦስቱም እንግሊዝኛውን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ይህን ግን አንድ ቀንም ነግረዋቸው አያውቁም።

በዚያው ሰሞን ቤተ መጻሕፍት ሊያሠሩ የፈለጉ የውጭ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። አቶ ጌጡ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግሩን ራሳቸው በእንግሊዝኛ ጻፉና፣ ሦስቱ ወጣቶች ተከፋፍለው እንዲያነቡት ሰጧቸው። «ለብዙ ቀን የደከምኩበት ነው፤» አሉ። «አንዲት ፊደል እንዳትነኩብኝ።»

ወጣቶቹ ወረቀቱን ይዘው ወደ መምህራቸው ሮጡ። መምህር ልሳነወርቅ መነጽራቸውን አድርገው ገና የመጀመሪያውን መስመር ሲያዩ ሳቁ። «አወር ስቱደንትስ ካምስ» ይላል፤ ተማሪዎቻችን ይመጣል እንደማለት። ወረድ ብሎ «ፓረንትስ ብሪንግስ»፤ ወላጆች ያመጣል። ከሁሉ በታች ደግሞ «አወር ቲቸርስ ኖውስ ኢንግሊሽ»፤ አስተማሪዎቻችን እንግሊዝኛ ያውቃል።

«ያውቃል!» አሉ መምህር ልሳነወርቅ እንባቸውን እየጠረጉ። «እንዴታ!»

«መምህር፣ እርስዎ ሄደው ቢነግሯቸው እኮ ይሰማሉ» አለ ሙዘይን።

«እኔ? ጌጡ ደጅ ልጠና?» ከንፈራቸው ተጣመመ። «አልሄድም። እናንተ የእኔ ተማሪዎች ከሆናችሁ፣ ነገ በሰው ፊት እንዴት እንደምታነቡት አያለሁ። ቦታዬን የምሰጠውም በዚያ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ግቢው ውስጥ ዳስ ተጣለ። ከፊት እንግዶቹ፣ አንዲት ሽበታም ፈረንጅና አንድ ወጣት፣ ተቀመጡ። ከጎናቸው አቶ ጌጡ አዲስ ኮት ለብሰው፣ ቀጥሎ የከተማው ባለ ወፍጮ አቶ ዳምጠው። ተማሪዎቹ መሬት ላይ ተደርድረዋል፤ የአቶ ጌጡ ልጅ ቤዛዊትም መሀላቸው አለች። ከኋላ ደግሞ ለቤተ መጻሕፍቱ መሠረት ድንጋይ ከወንዝ ሲያመላልሱ የከረሙት ወላጆች ቆመዋል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። አቶ ጌጡ ብድግ አሉና፣ «እኔን እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ እኚህ ሰው ናቸው!» ብለው ወደ መምህር ልሳነወርቅ አመለከቱ። ተጨበጨበ። መምህር ልሳነወርቅ ምድር ብትውጣቸው በወደዱ ነበር።

መጀመሪያ ደምመላሽ ወጣ። «አወር ስቱደንትስ» አለና ግሱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ወረቀቱን ዝቅ አደረገ። «እዚህ ላይ ስህተት አለ፤» አለ፣ በእንግሊዝኛም በአማርኛም። «ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ካምስ ሳይሆን ካም ነው የሚባለው። ልጆች፣ ልብ በሉ።» ከዚያ ቀና ብሎ፣ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ፣ እስከ ድርሻው መጨረሻ እያረመ አነበበ። ከተደረደሩት መሀል ልጆች አጨበጨቡ። ንግግሩን ማን እንደጻፈው ከተማው ሁሉ ያውቃል። አቶ ጌጡ ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ቤዛዊት አንገቷን ጉልበቷ መሀል ቀበረች፣ አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅም በክርኗ ጎሸም አድርጋ ሳቀችባት።

ቀጥላ ወደርየለሽ ወጣች። ግሱን ብትነካ የደምመላሽ ጥፋት ይደገማል፤ ባትነካው ደግሞ መምህሯ ይንቋታል። እሷ ግን ባለቤቱን ነካችው። ወላጆች የሚለውን ትታ «ኤ ፓረንት ብሪንግስ» ብላ፣ አንድ ወላጅ ድንጋይ ያመጣል አለች፤ ድርሻዋን እስከ መጨረሻው ድረስ ስለ አንድ ወላጅ እያለች አነበበች። የኃላፊው ኤስ እንዳለች ቀረች፤ ሰዋስውም አልተጣሰም። አቶ ጌጡ ነፍሳቸው ተመለሰች፤ መምህር ልሳነወርቅም ሳያስቡት ፈገግ አሉ። ይሁን እንጂ ሽበታሟ እንግዳ ልቧ ተነካና፣ «ያ ደግ ወላጅ የት አለ? እጁን ልጨብጠው» አለች። ርዕሰ መምህሩ ደንገጥ ብለው፣ በቅርብ ያገኟቸውን አቶ ዳምጠውን አስነሱ። አንዲት ጠጠር ያላነሱት ባለ ወፍጮ ኮታቸውን ቆልፈው ቀረቡ፤ እንግዳይቱ አንገቷ ላይ የነበረውን የሐር ሻሽ ፈትታ አለበሰቻቸው። ከኋላ የቆመች ወይዘሮ ትብለጥ የምትባል ሴት፣ ትከሻዋ በድንጋይ ተልጦ ቁስሉ ገና ያልደረቀላት፣ «ምን አለችና ነው ለሱ የሚሰጡት?» ብላ ጠየቀች።

በመጨረሻ ሙዘይን ወጣ። ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዓይኑን ሳያነሳ፣ እንደተጻፈ አነበበ። «አወር ቲቸርስ ኖውስ ኢንግሊሽ።» ወጣቱ እንግዳ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት አፉን በእጁ ሸፈነ። ሽበታሟ ግን በገርነት፣ «ይህን ንግግር የጻፈው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ሰዉ ሁሉ ወደ አቶ ጌጡ ዞረ። አቶ ጌጡ ከንፈራቸውን አላቀቁ፤ ድምፅ ግን አልወጣቸውም።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት፤» አለ ሙዘይን በእንግሊዝኛ። «ስህተቱም የኔ ነው።»

ልጆቹ በየቦታቸው ሳቁበት። ወጣቱ እንግዳም ኋላ ርዕሰ መምህሩን ለብቻ ወስዶ፣ ያ አስተማሪ እርዳታ እንደሚያስፈልገው በትሕትና ነገራቸው። ቤተ መጻሕፍቱ ይሠራል ብለው ቃል ሰጥተው እንግዶቹ ሄዱ።

ዳሱ ሳይፈርስ ሦስቱ ወጣቶች በመምህራን ክፍል መምህር ልሳነወርቅ ፊት ቆሙ። መምህሩ ከወንበራቸው ሳይነሱ አንድ በአንድ ተመለከቷቸው።

«አንተ አረምክ፤» አሉ ደምመላሽን። «ማረምህ ደግ። ግን ስታርም ደረትህ ተነፍቶ ነበር። ስህተቱን ነው ያሳየኸን ወይስ ራስህን?»

«ልጆቹ እየሰሙ ነበር መምህር። አስተማሪ ስህተት ሰምቶ ዝም ካለ ምኑን አስተማሪ ሆነ?»

«ቤዛዊትን ግን አይተሃታል?» አለችው ወደርየለሽ።

«አይቻታለሁ። ነገ ግን ትክክሉን ትጽፋለች።»

መምህሩ ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ ሰዋስውሽ ንጹሕ ነው። ወሬሽ ውሸት ነው። ያን ሁሉ ሕዝብ ጠቅልለሽ አንድ ሰው አደረግሽው፤ አንዱም ዳምጠው ሆነ።»

«ባለ ወፍጮው እንደሚነሱ በምን አውቃለሁ?» አለች ወደርየለሽ ፊቷ እየቀላ። «ኃላፊውን አላዋረድኩ፣ ቋንቋውን አላበላሸሁ። ሁለቱን ያዳነ ሌላ ማን አለ?»

«ወይዘሮ ትብለጥን ጠይቂያታ» አሉ መምህሩ።

በመጨረሻ ሙዘይን ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸው እንደ ልማዱ ተጣመመ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ትክክሉን እያወቅህ ስህተቱን አነበብክ። በዚያ ላይ ዋሸህ።»

«እንግሊዝኛ በአንድ ቃል አይሞትም መምህር። ሰውየው ግን እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው የሚኖሩት።»

«ነገ ልጆቹ ኖውስ፣ ኖውስ እያሉ ሲጮሁስ?»

«አስተካክዬ አስተምራቸዋለሁ።»

«ማን ያምንሃል?»

ከግቢው የልጆች ጩኸት ይሰማ ነበር፤ የሚሉት ያንኑ ነበር።

በሩ ተከፈተና ርዕሰ መምህሩ ገቡ፤ ከኋላቸው አቶ ጌጡ። ኃላፊው ኮታቸውን አውልቀው በክንዳቸው ይዘዋል። ደምመላሽን አዩ፤ ዓይናቸውን ከእሱ ላይ ሳያነሱም፣ «መምህር፣ እኔ በዚህ ጣልቃ አልገባም፤» አሉ። «የጠሩት ስም ዛሬውኑ ይጸድቃል። ማንም ቢሆን።»

ይህን ብለው ቆመው ጠበቁ። መምህር ልሳነወርቅ የሚያሾፉበት ቃል ፈለጉ፤ ቃሉ አልመጣላቸውም። ዕድሜ ልካቸውን የሰውን ጉድለት ሲለቅሙ ኖረው፣ አሁንም ሦስት ጉድለት በጃቸው አለ፤ ከጉድለቱ ሥር ያለውን ሰው መመዘን ግን አልለመዱም።

የምትሰሙኝ ሆይ፣ ወንበሩ አንድ ነው። ደምመላሽ ግሱን አቀና፣ አንዲት ልጅ ግን አንገቷን ደፋች። ወደርየለሽ ባለቤቱን ለወጠች፣ የብዙዎች ድካም ግን ለአንድ ላልደከመ ሰው ተሰጠ። ሙዘይን ሁለቱንም እንዳሉ ተዋቸው፣ የአንድን ሰው ፊት ሲያድን ግን የራሱን ስም አጠፋ፣ ልጆቹንም አሳሳተ። መምህር ልሳነወርቅ ገና አልተናገሩም፤ ኃላፊውም ገና ቆመዋል። እስቲ እናንተ ተከራከሩበት፦ ወንበሩ የሚገባው ለማን ነው?