የተመረገው ዋንዛ

አንድ ሰው ግቢው ውስጥ ትልቅ ዋንዛ ነበረው። የተከሉት አባቱ ናቸው። ሰፈሩ ቤቱን የሚያመላክተው «ዋንዛው ጋ» እያለ ነው፤ ሰውየውም በዚህ ይኮራ ነበር።

አንድ ክረምት ከዛፉ ሥር እንጉዳይ ፈላ። ግንዱም ላይ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፈተ። ጎረቤቱ አቶ ደባልቄ ግንዱን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉና፣ «ልጄ፣ ይሄ ዛፍ ውስጡ አልቋል። ማዘንበልም ጀምሯል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ አስቆርጠው» አሉት።

«ጋሼ፣ እስቲ ቀና ብለው ቅጠሉን ይዩት! እንዲህ የለመለመ ዛፍ ይወድቃል?»

ሚስቱ አስካለም ለመነችው። «ከሥሩ የምውለው እኔ ነኝ። እፈራለሁ» አለችው።

ታዲያ ምን አደረገ? መጥረቢያ አነሣ? አላነሣም! ጭቃ በጭድ አቦካ። ቀዳዳውን እንደ ቤት ግድግዳ መረገው፤ በላዩም ኖራ ቀባው። «ይኸው፣ ዳነልሽ» አላት። አስካለም እዚያው ከሥሩ መዋሏን ቀጠለች። ምን ታድርግ?

በነሐሴ፣ ዝናቡ ባባራበት፣ ነፋስ እንኳ በሌለበት ቀትር፣ ዋንዛው ወደቀ። አስካለ ከሥሩ ልብስ እያጠበች ነበር። አልተረፈችም።

ለቅሶው ላይ ሰዎች ሊያጽናኑት፣ «የፈጣሪ ፈቃድ ነው፤ ምን ይደረጋል» አሉት። ራሱን ነቀነቀ። «በእሱ አታሳብቡ። እኔ አይቼዋለሁ። በእጄ ነው የመረግሁት» አለ።

ወገኖቼ፣ ይህን ባሰብሁ ቁጥር አዝናለሁ። በእናንተ ግቢስ ምን ቆሟል? መጠጡ ነው? ቂሙ ነው? ከአባት የወረሳችሁት ቁጣ ነው? ምልክቱን አላያችሁም? አይታችኋል! የነገራችሁ ሰው የለም? ነግረዋችኋል! እናንተ ግን በበዓል ነጭ ለብሳችሁ ትመጣላችሁ፤ እኛ መካሪዎቻችሁም «አምሮባችኋል» ብለን እንሸኛችኋለን። እኛም አጥፍተናል።

«ብወድቅም የምወድቀው እኔው ነኝ፣ ማንን ምን አገባው?» የምትሉ አላችሁ። ውሸት ነው! ዛፍ በራሱ ላይ አይወድቅም። ዛሬ ቤት ስትገቡ አጠገባችሁ የሚቀመጠውን ሰው ደህና አድርጋችሁ እዩት። የምትወድቁት እሱ ላይ ነው።