እመት ፍልፈል፣ ዶማና እሳት

ተረት ተረት ልበላችሁ፤ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ተረቴ ከመሬት በታች ናት።

በድሮ ዘመን፣ ጉም በማይለየው አንድ ተራራ ላይ ፍልፈሎች እንደ አሸዋ በዝተው ይኖሩ ነበር። ሰው «ዘሬን በሉብኝ» እያለ ፈጃቸው። ፈጃቸው፣ ፈጃቸውና እመት ፍልፈል ከአንዲት ልጇ ጋር ብቻ ቀረች። ባሏ ሲሞት ከጎኑ ነበረች። ከዚያ ወዲህ መሬት ድም ባለ ቁጥር ልቧም አብሮ ድም ይላል።

አንድ ቀን ዶማ መጣ። ድም! ድም!

«እመት ፍልፈል፣ የት ነሽ? ባልሽን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ አንቺንም አላጣሽም» አለ።

ልጇን በሆዷ ሸፍና ትንፋሿን ዋጠች። ድም! ጣራዋ ተሰነጠቀ፣ ብርሃን ገባ። ይኼኔ ሣር ሥሩን በዶማ አንገት ላይ ጠመጠመ። የዶማው ጌታ ደሳለው ታግሎ ታግሎ ሲደክመው፣ ዶማውን ከሥሩ አላቆ እየተራገመ ወረደ።

ሌላ ቀን ወጥመድ መጣ። ወጥመድ ድም አይልም። በሯ ላይ ጋደም ብሎ፣ ድምፁን አለስልሶ፣

«እናትዬ፣ እኔ እንኳ ጎረቤት ነኝ። ጣፋጭ ሥር ይዣለሁ፤ ለልጅሽ ውሰጂላት» አለ።

ልጅቱ ርቧት ታለቅሳለች። እናት እየተንቀጠቀጠች አንገቷን ብቅ አደረገች።

«ጭክ! ጭክ! ተመለሽ!» ብላ አመድማ ወፍ ከድንጋይ ላይ ጮኸች። ወጥመድ ቀጭ! አለ። የእመት ፍልፈልን የጢሟን ጫፍ ቆርጦ አስቀረ።

ሣርም ወፊቱን «እኔ ሥር አለኝ፣ አንቺ ክንፍ አለሽ። እጅ ያለው ግን ሰው ነው። ሂጂ፣ ለሰው ንገሪ» አላት።

ወፍ በረረች። የመንደሩ ሰው ከኮሶ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ «ምንጫችን ለምን ነጠፈ?» እያለ ሲጨነቅ አገኘችው።

«ዝናቡን ወደ መሬት ሆድ የሚያወርደው የፍልፈል ጉድጓድ ነበር። ፍልፈልን ጨረሳችሁ፤ ዝናቡም በላይ በላዩ ሸሸ» አለች።

«ዘሬን ስትበላው የኔ ልጆች ምን ይብሉ?» አለ ደሳለው።

ሽማግሌዋ እማማ ደብሪቱ ተነሡ። «ለልጆችህ እኛ አለንልህ። ከተራራው ግርጌ እንረስ፤ ከላይ ያለውን ሣር ዶማም ወጥመድም አይንካው። የነካ ከእኛ እሳት አይጫር፣ ከእኛ ጋር ውሃ አይቅዳ!»

ሁሉም ማለ። ደሳለው ግን ሳይምል ዶማውን ተሸክሞ ሄደ።

በጋው ሲበረታ ሦስተኛው መጣ፤ መንገደኛ ሳያጠፋው ትቶት የሄደ እሳት።

«እኔ እንደ ዶማ ቆፍሬ አልደክምም። እንደ ወጥመድም ተኝቼ አልጠብቅም» እያለ ሣሩን ይልሰው ጀመር።

መሬቱ ጋለ። ጭስ በጉድጓዱ ገባ። ልጅቱ አሳላት። ከላይ ደግሞ ድም! ድም! ድም! የብዙ ሰው እግር ደረሰ፤ ከእግሩም መካከል ያ የምታውቀው የዶማ ድምፅ።

«መጡ። ዛሬ ጨረሱን» አለችና ልጇን አቅፋ ዐይኗን ጨፈነች።

ዶማው ግን ወደ እሷ አልመጣም። ዙሪያዋን ይቆፍራል።

«እኔ ነኝ» አለ ዶማ፣ እያለከለከ። «አትውጪ። የእሳቱን መንገድ እየቆረጥኩበት ነው።»

ሰዉ እሳቱን በእርጥብ ቅጠል መታው፤ ሴቶቹ አፈር አለበሱት። እሳት ከተቆፈረው መሬት ሲደርስ የሚበላው አጣ፤ እየተነጫነጨ ሞተ።

ደሳለው ቅንድቡ ተለብልቦ ከጉድጓዱ አፍ ተቀመጠ።

«ልጅሽ ደህና ናት?» ብሎ ጠየቀ።

እመት ፍልፈል ልጇን ይበልጥ ወደ ሆዷ ሳበቻት። ልጅቱ ግን አሳላት። ደሳለው ሳሏን ሰማ። ያን ቀን እሱም ማለ።

ሣሩ ሲጠበቅ ከሌላ ተራራ ፍልፈሎች መጡ፤ ቀስ በቀስም በረከቱ፣ የነጠፈውም ምንጭ ተመለሰ። እመት ፍልፈል እስከ ዕለተ ሞቷ የሰው ኮቴ በሰማች ቁጥር ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ኮቴው ግን ሁልጊዜ አልፏት ይሄድ ነበር።

ደካማን ፍርሃት አይለቀውም፤ ወገን ካለው ግን ጉድጓዱ መቃብሩ አይሆንም።