የእባቡ ተዝካር

ተረት ተረት፤ የውርጭ ወራት።

አንዲት ባልቴት ጎተራዋን ከአይጥ የሚጠብቅላት እባብ ነበራት። እባቡና የቤቱ ውሻም ወዳጆች ነበሩ። ውርጭ ሲገባ እባቡ መብላት ተወና ከጎተራው ሥር ካለው ጉድጓድ ገባ። ውሻው ጨንቆት እንቁላል በአፉ ይዞለት ሄደ።

«አልበላም» አለው እባቡ። «በብርድ ጊዜ ሆዴም አብሮኝ ይተኛል። ፀሐይ ስትበረታ እነሳለሁ፤ እስከዚያ አትቀስቅሰኝ።»

ውሻው ነገሩ ባይገባውም እንቁላሉን መልሶ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተጋደመ።

ብዙም ሳይቆይ የአይጦች አለቃ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። «እህል የተወ ተርፎ አያውቅም፤ ወዳጅህ ሞቷል። በአርባው ተዝካሩን እኛ እናወጣለን፤ አንተ ጎተራውን ክፈትልን» አለው።

«አትቀስቅሰኝ አለኝ እንጂ ቅበረኝ አላለኝም» አለ ውሻው፤ ንቅንቅም አላለም።

ውርጩ ጆሮውን ሲቆረጥመው ከረመ። በአርባኛው ቀን አይጦቹ ዘመድ አዝማዳቸውን ሰብስበው እያለቀሱ ግቢውን ሞሉት። የዚያን ዕለት ግን ፀሐይዋ በርትታ ነበር። እባቡ ቀስ ብሎ ራሱን አወጣና «የማን ተዝካር ነው?» ሲል ጠየቀ።

ውሻው ከጉድጓዱ አፍ ገለል አለለት።

«ያንተ ነው፤ ብላ» አለው።

ተረቴን መልሱ፣ እንቁላሉን ለውሻው አድርሱ።